ስም ይወጣል ከቤት፤ ግን ከየትኛው ቤት?

ባለፈው ወር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ የአንድ ድርጅት የምሥረታ በዓል ላይ ተገኝቼ ነበር። ጥሪው በወዳጅ በኩል ነው የደረሰኝ። ምሳው ደህና ነው ተብዬ ሄድኩ፤ ምሳውም አላሳፈረኝም። ያሳፈረኝ መድረክ መሪው ነው። ካባ የደረቡትን የድርጅቱን ባለቤት ወደ መድረክ ጠርቶ፣ ድምፁን እንደ ቀረርቶ ሰው ከፍ አድርጎ፣ «አበው ሲተርቱ ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይላሉ! እንግዲህ እኛ የቤቱ ልጆች ከዛሬ ጀምሮ ታላቁ ብለን ጠርተናቸዋል፤ ሀገር ይቀበለን!» አለ። ተጨበጨበ። ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ የተወጠረውን ሸራ ባይ «ታላቁ» የሚለው ቃል ከሰውየው ስም ቀድሞ በወርቃማ ፊደል ተጽፏል። ስሙ የወጣው ከቤት ሳይሆን ከማተሚያ ቤት ነው ማለት ነው።

ይህ ምሳሌ እንዲህ ሲጣመም ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። በሱቅ ምረቃ ሰምቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም በጥርስ ክሊኒክ መክፈቻ ላይ። ሁሉም «ራስህን ቀድመህ አሞግስ፣ ሰው ይከተልሃል» የሚል የገበያ ምክር አድርገውታል። ገጠር ያደገ ሰው ግን ይህን አባባል የሚያውቀው ወላጅ ሲገሠጽበት ነው። አባት ልጁን በቁጣ ክፉ ስም ሲጠራው የሰማ ሽማግሌ «ተው፣ ስም ይወጣል ከቤት» ይለዋል። ቀሪውን አይጨርሰውም፤ አባትየው ያውቀዋል።

እኔም የማውቀው ከአጎቴ ልጅ ነው። አጎቴ በሬ የጠፋበት ቀን ተናድዶ ልጁን «ይህ ፈዛዛ!» አለው። አንድ ቀን ብቻ፣ በራሱ ደጅ፣ በአጥሩ ውስጥ። በማግሥቱ የጎረቤት እረኞች ፈዛዛው አሉት፤ በሳምንቱ ገበያተኛው ሁሉ። ያ ልጅ አድጎ ጎበዝ አራሽ ወጣው፣ በድንበር የተጣሉ ሰዎችን የሚያስታርቅ ዳኛ ሆነ፣ ልጆች ዳረ፤ ያም ሆኖ ፈዛዛው ነበር። ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በክርስትና ስሙ ቢያስተጋባ ከወንዙ ማዶ ማንም ንቅንቅ አላለም። ኋላ «ኧረ ፈዛዛው ነው!» ሲል ነው ሀገሩ እየጮኸ የወረደው። አጎቴ ያን ዕለት ከልጁ ሞት ይልቅ በዚያ ጥሩምባ የተሰበረ ይመስለኛል።

ደግ ስምም በዚያው በር ይወጣል። ቡልጋ፣ እኛ እምዬ የምንላት አያታችን ቤት፣ በጥር ወር ትንሹ አጎቴ ሲያገባ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በአካባቢያችን ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማት አዲስ ስም ታወጣላታለች። እምዬ ደጃፉ ላይ ቆማ የሙሽራይቱን አናት ቅቤ ቀባች፣ ፊቷን ትኩር ብላ አየች፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን እስኪይዝ ድረስ ዝም አለች፤ ከዚያ «የሻሽወርቅ ትባል» አለች። እልልታው ሳያባራ የድፎ ቁራሽ በሰፌድ አስይዛኝ በየጎረቤቱ ላከችኝ፤ ስሙን አድራሽ እኔ ነበርኩ። አራት ቤት በደስታ ተቀበለኝ። አምስተኛው ቤት ያለችው አሮጊት ግን ስሙን ከመስማቷ በፊት «ማን አወጣላት?» አለችኝ። እምዬ ናት ስላት «እንግዲያው ደርሶናል» ብላ ድፎውን ተቀበለች። የምሳሌው ግማሽ ትርጉም ያለው በዚያች አሮጊት ጥያቄ ውስጥ ነው። ጎረቤት ስም የሚቀበለው አውጪውን አይቶ ነው።

የሻሽወርቅም በበኩሏ ሥራ አልፈታችም። ሙሽራ የባሏን ወገን በስሙ አትጠራም፤ አንዱን ጋሼ፣ አንዱን ጥላዬ እያለች ለእያንዳንዱ የክብር ስም ታወጣለታለች። እኔን ንፍጤን ያልጠረግሁትን ልጅ «ጌትዬ» አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ስም ተኮፍሼ ከረምኩ።

ወደ ፒያሳ ልመለስ። ከአዳራሹ ሹልክ ብዬ ወጥቼ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ አቀናሁ። የዐፄ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀ ነው፤ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች አንሥተውት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። መንገደኛው ቀና ሲል ንጉሡን ያያል። እኔ ፈረሱን ነው የማየው፤ ሁለት የፊት እግሮቹን አንሥቶ ሰማይ የሚረግጠውን። ስሙን የሰጠው እሱ ነውና።

የአባባሉን ምንጭ በተመለከተ የቆየ የራሴ ግምት አለኝ፤ ወዳጆቼ ሰልችተውታል፤ እናንተ ገና ስለሆናችሁ ታገሡኝ። በምሳሌው ውስጥ ያለው «ቤት» የሰው ቤት አይመስለኝም። የፈረስ ቤት ነው። ጋጣ።

የድሮ የጦር ሰው ትልቁ ስሙ የፈረስ ስሙ ነበር። ፈረሱ ታጠቅ ከተባለ ጌታው አባ ታጠቅ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ። ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። እዚህ ላይ «አባ» የመነኩሴ ማዕረግ አይደለም፤ የፈረሱ አባት ማለት ነው። (በዝብዝ የሚል ስም ዛሬ የሚደፍር ባለሥልጣን ይኖር ይሆን? ሥራውን እንኳ ትቼ ስሙን ማለቴ ነው።) ሰውየው ስሙን ከፈረሱ ካገኘ፣ ፈረሱስ ከማን አገኘ? የእኔ መልስ ከባልደራሱ የሚል ነው። ባልደራስ የቤተ መንግሥቱ የፈረስ ቤት አለቃ ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። ፈረሱን ሌሊት ገብስ የሚያበላው፣ ሲያነክስና ሲደነብር የሚያየው፣ ከሜዳው ፉከራ በፊት በጨለማ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የእሱ ቤት ነው። ስሙ ከዚያ ጋጣ ይወጣል። ከዚያ በጥምቀት ጃን ሜዳ ላይ ጉግስ ሲጫወቱ፣ ወይም በዘመቻ፣ አሽከሩ ዘራፍ ብሎ ዘልሎ «የዳኘው አሽከር!» ሲል ሜዳው ይቀበላል።

«ይቀበላል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። በእኛ ዘፈን አውጪና ተቀባይ አለ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አዝማሪ ቤትም ግጥም የሚነግረው ሰው «ተቀበል!» ነው የሚለው። ምሳሌው ይወጣል እና ይቀበላል የሚሉትን ሁለት ቃላት አንድ ላይ ያሰለፈው እንዲያው በከንቱ ነው? አንዳንዱ «ይከተላል ጎረቤት» ይላል፤ እኔ ግን ዜማ የሌለው ሰው ያበላሸው ነው ባይ ነኝ። አንድ ቋንቋ የተማረ ወዳጄ «ቤት እና ጎረቤት ቤት ስለሚመቱ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም» ብሎ ይሟገተኛል፤ ጎረቤት ራሱ ግእዙ ጎረቤትን «ጎር» ከሚልበት ቃል የመጣ መሆኑን እየጠቀሰ። እኔም ጎጃም ውስጥ ፈረስ ቤት የሚባል ከተማ አለ ብዬ አፉን አስይዘዋለሁ። ይህ ምን እንደሚያስረዳ ሲጠይቀኝ ቡና አዛለሁ።

ግምቴን ብትጥሉትም ሕጉን አትጥሉት፦ ቤት ያወጣል፣ ጎረቤት ግን የመቀበልም ያለመቀበልም መብት አለው። የነገሥታቱን ስም በዚህ ሚዛን ብታዩት ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። የጎንደር ነገሥታት ሲነግሡ የመንግሥት ስም ነበራቸው፤ ፋሲለደስ ዓለም ሰገድ፣ ልጁ ዮሐንስ አእላፍ ሰገድ፣ የልጅ ልጁ ኢያሱ አድያም ሰገድ። ዓለም ሰገደለት፣ አእላፍ ሰገዱለት፣ አውራጃዎች ሰገዱለት። ዛሬ የዓለም ሰገድ ግንብ የሚል አላጋጠመኝም፤ ፋሲል ግንብ ነው። ዮሐንስን ሰው ጻድቁ ብሎ ያዘው፤ ኢያሱን ታላቁ። ቤተ መንግሥቱ ያወጣው ስግደት ወረቀት ላይ ቀረ፣ ጎረቤት የወደደው ተረፈ። ከቅርቡም ቢሆን «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ብሎ የሚጀምረው ረጅም ማዕረግ ተጽፎ ሲነበብ ያምራል፤ ሕዝቡ ግን ጃንሆይ ብሎ ጨረሰው።

ሌላውም ዓለም ከዚህ ሕግ አላመለጠም። ሮማዊው ፖምፔይ ገና ወጣት ሳለ ከአፍሪካ ዘመቻ ድል አድርጎ ሲመለስ አለቃው ሱላ «ማግኑስ»፣ ታላቁ፣ ብሎ ተቀበለው። መጀመሪያ እንዲህ ያሉት የራሱ ወታደሮች ናቸው የሚሉም የጥንት ጸሐፊዎች አሉ። ደስ የሚለኝ የሚከተለው ነው፦ በዚህ ስም ራሱን ለመጥራት ከሁሉ የዘገየው ፖምፔይ ራሱ ነበር ይላሉ፤ ወደ ስፔን ሲዘምት ነው በደብዳቤው ላይ መጻፍ የጀመረው። አምስተኛዋን አሮጊት የሚያውቅ ሰው ይመስላል። የፈረንሳዩ ሉዊ ዐሥራ አራተኛ ግን ሌላ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1680 የፓሪስ ከተማ «ታላቁ» የሚል ስም በይፋ ሰጠችው፤ በሐውልትና በሜዳሊያ ላይም ተቀረጸ። ዛሬ የፀሐይ ንጉሥ የሚለውን እንጂ ታላቁ ሉዊ የሚለውን ስንት ሰው ያነሣል? ቤት አወጣ፤ ጎረቤት አልተቀበለም። የሩሲያዋ ንግሥት ታላቋ ካትሪን ደግሞ በ1767 የሕግ ጉባኤዋ ይህንኑ ማዕረግ ሲያቀርብላት አልወስድም ብላ ነበር፤ ጎረቤት ግን እምቢታዋን አልተቀበለም። የእንግሊዙ አልፍሬድ በ899 ሞቶ ታላቁ የሚለውን ስም በሰፊው ለማግኘት እስከ ዐሥራ ስድስተኛው ምዕት ዓመት ጠብቋል። የኦቶማኑን ሱልጣን ሱሌይማንን ጎረቤት አውሮፓ በግርማው ሲጠራው፣ የገዛ ቤቱ ግን ቃኑኒ፣ ሕግ ሰጪው፣ አለው። ቤቱ ያየው የችሎቱን ሥራ ነዋ።

ታላቅ የሚለው ቃላችን ራሱ የጓዳ ቃል ነው። ታላቄ የምለው ቀድሞኝ የተወለደውን፣ ጡት ለቅቆልኝ የወረደውን፣ ስወድቅ ያነሣኝን ነው። ማንም ለራሱ ታላቅ ሊሆን አይችልም፤ ታናሽ ያስፈልገዋል፤ ያ ታናሽ አፍ አውጥቶ ሲጠራው ነው ታላቅ የሚሆነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ሲነግሡ ዳግማዊ ተባሉ፤ ይህ የመንግሥት ስም ነው። አባ ዳኘው የጋጣው ነው። እምዬ የሚለው ግን በዐዋጅ አልወጣም፤ ልጅ እናቱን፣ ቡልጋ ውስጥ እኔ አያቴን የምጠራበት ስም ነው። ከሦስቱ ሐውልት የማያስፈልገው እሱ ነው።

መድረክ መሪዎች ሆይ፣ ምሳሌውን ተዉልን። ማሞገስ ካማራችሁ ቅጽል ሞልቷል፤ ዋንጫ አለ፣ ካባ አለ። ይህ ግን አባትን ምላሱን እንዲይዝ ሲመክሩበት የኖረ ቃል ነው፤ ሸራ ላይ በወርቅ ፊደል አትለቅልቁት።

ጃንጥላዬን ረስቼ ኖሮ ተመልሼ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ግብዣው ተበትኗል፤ ሸራውን ሁለት ልጆች እያወረዱ ነው። ደጃፉ ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች፤ የድርጅቱ ሠራተኞች በዱቤ የሚጠጡት እሷ ጋር እንደሆነ ከተከፈተው ደብተሯ ያስታውቃል። ዱካ ላይ ተቀምጬ አንድ ሲኒ አዘዝኩ። እጣኗን እያጫጫሰች በደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን የእንግዳ ካርድ አየችና ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ከአባ ቀንስ ግብዣ ነው የመጡት?»

«አባ ቀንስ ማነው?»

ወደ ሸራው በአገጯ አመለከተችኝ። «እኔ አላወጣሁትም፤ ልጆቹ ናቸው የሚሏቸው» አለች፤ «ደመወዝ ስለሚቀንሱ ነው መሰለኝ።»