«የጻድቅ መታሰቢያ ለበረከት ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

አያቴን የቀበርን ቀን አንድ ሽማግሌ ከመቃብሩ አጠገብ ቆሙ። ንግግር ይጀምራሉ ብዬ ጠበቅሁ። «የጻድቅ መታሰቢያ ለበረከት ነው» አሉና ዝም አሉ።

አባባሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በየመቃብር ድንጋዩ ላይ አንብቤዋለሁ። የዚያን ቀን ግን አንዲት ፊደል ጆሮዬ ላይ ቀረች። «ለ» የምትለዋ። አባባሉ በረከት ነው አይልም፤ ለበረከት ነው ይላል።

ምንጩ መጽሐፈ ምሳሌ ነው፤ 10፥7። ምዕራፍ 10 ላይ የሰሎሞን ምሳሌዎች የሚባለው ክፍል ይጀምራል። እዚያ ያሉት ምሳሌዎች በአብዛኛው በሁለት ስንኝ የተሠሩ ናቸው። አንዱ ስለ ጻድቅ ይናገራል፤ ሌላው «ግን» ብሎ ተቃራኒውን ያመጣል። የኛም አባባል ሁለተኛ ስንኝ አለው። የኃጥኣን ስም ይጠፋል ይላል። በሰው አፍ ላይ የቀረው የመጀመሪያው ስንኝ ነው። እንኳንም እሱ ቀረ።

በዕብራይስጡ «መታሰቢያ» የሚለው ቃል «ዜኸር» ነው። ከግእዙ «ዝክር» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ዘከረ፣ ዝክር፣ ተዝካር የምንለው ሁሉ ከዚያው ቤት ነው። አይሁድ እስከ ዛሬ የሞተ ሰው ስም ሲያነሱ «መታሰቢያው ለበረከት ይሁን» ይላሉ። ሲጽፉም በሁለት ፊደል አሳጥረው ከስሙ ቀጥሎ ያስቀምጡታል። እኛ ደግሞ ወሬ መሀል «ነፍሷን ይማርና» እንላለን። ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። «ነፍሷን ይማር» ለሄደችው የሚለመን ነው። «መታሰቢያዋ ለበረከት» ፊቱን ወደ ቀረነው ያዞራል። እሷን ባሰብን ቁጥር እኛ የምናገኘው ነገር አለ ማለት ነው።

ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም እዚህ ላይ ትንሽ ይለያል። የጻድቃን መታሰቢያ ከምስጋና ጋር ነው ይላል። እሱም ያምራል። እኔ ግን ዕብራይስጡ ይበልጥብኛል። ምስጋና በቀብር ቀንም ተነግሮ ሊያልቅ ይችላል።

«ጻድቅ» የሚለው ቃል ያስፈራል። ስንሰማው ገድል የተጻፈላቸው ቅዱሳን ናቸው ትዝ የሚሉን። አያቴ እንዲህ ስትባል ብትሰማ ኖሮ ትቆጣ ነበር። በመጽሐፈ ምሳሌ ያለው ጻድቅ ግን የቤትና የደጅ ሰው ነው። «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ይላል 12፥10። ለከብቱ የሚያዝን ሰው ጻድቅ ተባለ። አማርኛችን ደግሞ የራሱን ነገር ጨምሮበታል። የተተከለ ችግኝ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን። ይሄኛውን ቃል ለአያቴ ስሰጥ ቅር አይለኝም። ጸድቃ ነበር። መዝሙር 92 ስለ ጻድቃን ሲናገር «በለመለመ ሽምግልና ያፈራሉ» ይላል። እኔ የለመለመ ሽምግልና ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።

አያቴን እምዬ ነው የምንላት። ሌሊት 10 ሰዓት ለጸሎት ትነሣለች። ሁላችንም የተኛን ይመስላታል። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። የሰው ስም ላይ ስትደርስ ብቻ ትንሽ ከፍ ይላል። ከትልቁ አጎቴ ጀምራ በዕድሜ ትወርዳለች። እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ስሜን እጠብቃለሁ። 11ኛ ነኝ። እሱ ሳይጠራ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከሁላችን በኋላ የማላውቀው ሰው ስም ይመጣል። ነገሩን ያወቅሁት ከፍ ካልሁ በኋላ ነው። ሰውየው ገንዘብ ተበድሯት፣ ክዷት የሄደ ነው። «እምዬ፣ እሱን ለምን ትጠሪዋለሽ?» አልኋት። «እሱንም እናት ናት የወለደችው» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የአባባሉን ሁለተኛ ስንኝ ሰው ለመውጊያ የሚያነሱት አሉ። ቀብር ላይ ሳይቀር። እኔ አይዋጥልኝም። የሷ ጸሎት የአንድን በዳይ ስም ስንት ዓመት ሙሉ እንዳይጠፋ ይዞት ኖሯል።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት፣ 1፥5 ላይ፣ እምነትህ ቀድሞ በአያትህ በሎይድ፣ በእናትህም በኤውንቄ ነበረ ይለዋል። የሎይድ ስም በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከዚያች ቦታ በቀር የለም። ምን እንደሠራች፣ የት እንደተቀበረች አልተጻፈም። ያለን የልጅ ልጇ እምነት ነው። «ለ»ዋ የገባችኝ እዚህ ጋ ነው። መታሰቢያዋ ከራሷ አልፎ ወደ ሌላ ሰው ሄዷል።

እምዬ ያረፈች ሰሞን ሌሊቱ ጭር ብሎብኝ ነበር። ከእንግዲህ ስሜን የሚጠራ የለም ብዬ ብዙ አለቀስሁ።

በሙት ዓመቷ ሁላችንም እሷ ቤት አደርን። ሌሊት ላይ ዝቅ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ታላቅ አክስቴ ናት። ከትልቁ አጎቴ ጀመረች። የእምዬን ተራ አልለወጠችም። የራሷ ስም ላይ ስትደርስ ዘለለችው፤ እኔ በልቤ ሞላሁላት። 11ኛው ላይ ስሜ ተጠራ። እምዬ ያላየቻቸው ሁለት ሕፃናት ከታች ተጨምረዋል። ከነሱ ቀጥሎ የዚያ ሰውዬ ስም መጣ።