በሐረጎ ቁልቁለት ጊዜ አይዘገይም፦ ስለ ጊዜና ስለ እይታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርዱ ከአደጋ ለጥቂት የተረፉ ሰዎች «ያን ጊዜ ሰዓቱ ቆመ» ሲሉ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኔም በአንድ ጉማም የክረምት ማለዳ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ሊነካ ክንድ ሲቀረው ፍሬን ይዞ በቆመ ጊዜ፣ የጭነት መኪናው የኋላ መብራት ላይ የተጋገረው ጭቃ እስከ ዛሬ ከዐይኔ አልጠፋም። ስሜቱ እውነት ነው፤ «አንጎል በድንጋጤ ጊዜ ከወትሮው ፈጥኖ ያያል» የሚለው ማብራሪያ ግን ስህተት ነው። የአንጎል ተመራማሪው ዴቪድ ኢግልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎቹ ከ31 ሜትር ከፍታ ወደ መረብ ወደቁ፤ የራሳቸው አወዳደቅ የፈጀውንም ጊዜ ከሌሎቹ ተሳታፊዎች አወዳደቅ በ36 በመቶ አስረዝመው ገመቱ፤ ይሁን እንጂ እጃቸው ላይ በታሰረው መሣሪያ በፍጥነት የሚቀያየሩትን ቁጥሮች በማንበብ ረገድ ከወትሮው የተሻለ ችሎታ አላሳዩም። አጥኚዎቹ እንደሚያስረዱት፣ ፍርሃት ትውስታውን አብዝቶ ስለሚመዘግበው ነው መለስ ብለን ስናስበው የሚረዝምብን።

«አንጎላችን ውስጥ አንድ ሰዓት አለ» የሚለውም ትክክል አይደለም። ቀንና ሌሊትን የሚያመዛዝነው ክፍል ሃይፖታላመስ በሚባለው፣ በአንጎል ሥር ባለ ትንሽ አካል ውስጥ ይገኛል፤ ሰከንዶችን ግን ሴሬቤለም (ከአንጎል ኋላ ያለው ክፍል) እና ቤዛል ጋንግሊያ (በአንጎል ውስጠኛ ክፍል ያሉ የሕዋስ ስብስቦች) የሚባሉትን ጨምሮ በርካታ ክፍሎች በጋራ ይለካሉ።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ በዚሁ መንገድ በኢርፎን እያወሩ የሚነዱ ሾፌሮች «ዐይኔ ከመንገዱ ካልተነሳ ምንም አያመልጠኝም» ማለታቸው ነው። ዐይን የተቀበለውን ሁሉ ሰው አያየውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ተመልካቾች በቪዲዮ የሚታየውን የኳስ ቅብብል እንዲቆጥሩ ተደረገ፤ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው በተጫዋቾቹ መካከል ሲያልፍ ግማሽ ያህሉ ጨርሶ አላዩትም። ጥርት ብሎ የሚታየንም ክንዳችንን ስንዘረጋ የአውራ ጣታችን ጥፍር የሚሸፍነውን ያህል ስፍራ ብቻ ነው። ስለዚህ ኩርባው ላይ ከጉም ውስጥ የምትወጣ በግ ከሾፌሩ ዐይን ፊት ሆናም ልትሰወር ትችላለች፤ የተያዘው እጁ ሳይሆን ሐሳቡ ነውና ኢርፎኑ ይህን አይለውጠውም።

እይታችን እንደ ወራጅ ውሃ ሳይቋረጥ የሚፈስ የሚመስላቸውም ብዙዎች ናቸው። ዐይን ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላው በሰከንድ 3 ጊዜ ገደማ ይዘላል፤ በዝላዩም ቅጽበት አንጎል እይታውን ያፍነዋል። ወደ ግድግዳ ሰዓት ድንገት ዞር ስንል የመጀመሪያዋ ሰከንድ የምትረዝምብን፣ አንጎል ክፍተቱን ከዝላዩ በኋላ ባየው ምስል ስለሚሞላው ነው። ፒያሳ ካሉት ፀጉር ቤቶች በአንዱ መስታወት ፊት ተቀምጣችሁ አንዴ ግራ ዐይናችሁን፣ አንዴ ቀኝ ዐይናችሁን ብትመለከቱ ዐይናችሁ ሲንቀሳቀስ በፍጹም አታዩትም፤ ከኋላችሁ መቀስ ይዞ የቆመው ፀጉር አስተካካይ ግን በዚያው መስታወት ውስጥ አጥርቶ ያየዋል።