አሮጌ የጌጥ ትሪ፦ ዓይነቱ፣ ምርመራውና ግዢው

በነጋዴዎች አነጋገር አሮጌ የጌጥ ትሪ የሚባለው ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በላይ የቆየ፣ ለማቅረቢያም ለቤት ማስዋቢያም የሚሆን ትሪ ነው። መቶ ዓመት ያለፈው «አንቲክ» ይባላል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሰቀላል። ከብር፣ ከነሐስ፣ ከቀለም ቅብ ላሜራ፣ መስታወት ከተቀለጠበት ብረት (ኢናሜል)፣ ከእንጨትና ተጠፍጥፎ ከተጋገረ ወረቀት ሳይቀር ይሠራል። ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ማየት ይበጃል። ፊቱን ሻጩ ወልውሎ፣ ምናልባትም ቀብቶ ያቀርበዋል፤ ጀርባውን ግን አብዛኛው ሰው አይነካውም። የተሠራበት አገር፣ የብረቱ ዓይነትና የጥገናው ታሪክ የሚገኘው እዚያ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብርና ብር ቅብ

ብዙ ገዢ የሚታለለው በዚህ ነው። ማርትሬዛን የሚያውቅ ሰው የብር ጥራት በሺህ እንደሚለካ ለመረዳት አይቸገርም፤ የ1780 ዓ.ም. ማኅተም ያለበት ማርትሬዛ ከሺህ 833 እጅ ንጹሕ ብር ነው። ትሪ ላይም እንዲሁ 925፣ 800 ወይም ሌላ ባለሦስት አኃዝ ቁጥር ይመታል። የእንግሊዝ ብር ከሆነ የሚራመድ አንበሳ ምልክት ይኖረዋል። የድሮ ሩሲያ ብር ላይ ያለው 84 ግን በሺህ የተለካ አይደለም፤ ከ96 እጅ 84 ማለት ነው፤ ወደ ሺህ ሲመለስ 875 ይሆናል። በጀርመን ማንኪያና ሹካ ላይ የሚታየው 90 ደግሞ ጥራትን ጭራሽ አያመለክትም። በደርዘን ሹካና በደርዘን ማንኪያ ላይ በጠቅላላው 90 ግራም ብር ተቀብቷል ማለት ነው። ስለዚህ 84 ያለው እውነተኛ ብር፣ 90 ያለው ብር ቅብ ነው። ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ ብዙ የከፈለ ሰው ጥቂት አይደለም።

በላቲን ፊደል ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ ተደርድረው የተመቱበት ትሪ በኤሌክትሪክ ብር የተቀባ የኒኬል ቅይጥ ነው። «ኒኬል ሲልቨር» የሚባለው ቅይጥ ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ የተሠራ ሲሆን፣ ስሙ ቢያሳስትም በውስጡ አንዲት ቅንጣት ብር የለም። ይህን አቀባብ በርሚንግሃም ውስጥ የኤልኪንግተን ቤተሰብ ድርጅት በ1840 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። ከዚያ በፊት ሼፊልድ ውስጥ ስስ የብር ሉክ ከመዳብ ጋር በሙቀት ተጣብቆ አብሮ ይዳመጥ ነበር። እነዚህ ትሪዎች ጠርዛቸው ሲያልቅ መዳቡ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ቅላቱ ለዓይን የሚስብ ቢሆንም ተመልሶ የሚጠፋ አይደለም፤ እንደ አዲስ ብር ማስቀባት ደግሞ የዕድሜውን ዋጋ ያጠፋዋል።

ብር ቅብ ትሪ ቢቀልጥ የሚገኘው ብር ከቁጥር ስለማይገባ ሁለተኛ እጅ ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ለቤት ለሚፈልገው ግን ከሁሉ የተሻለው ግዢ እሱ ነው። በቅድሚያ የሚያልቁት ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ እጀታው ከትሪው የሚገናኝበት፣ ከሥር የሚቆምባቸው እግሮች፣ ብርጭቆ ሲንሸራተትበት የኖረው መሃል። ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው ሲያዩት ያለቀው ቦታ ቢጫ ወይም ግራጫ ጥላ ያሳያል። ጥቁረቱ ግን ሊያስፈራ አይገባም፤ ብሩ ከአየር ውስጥ ሰልፈር ስለሚስብ ነው የሚጠቁረው፣ ያም ይለቃል።

ማግኔት፣ ጥፍርና ጠፍጣፋ ጠረጴዛ

ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በኪስ መያዝ ይጠቅማል፤ የሚነግረውን በልኩ መረዳት ግን ያሻል። ብር፣ መዳብ፣ ነሐስ፣ አሉሚኒየምና ኒኬል ሲልቨር ሁሉም ማግኔት አይስቡም። እናም ማግኔት ብርን ከብር ቅብ አይለይም። የሚለየው ነሐስ መስሎ የተቀባውን ብረት ነው። «ድፍን ነሐስ ነው» የተባለ ትሪ ማግኔት ከያዘ ነገሩ አበቃ። የላሜራ ትሪ ላይ ማግኔቱ በአንድ ቦታ ሳይይዝ ከቀረ ደግሞ እዚያ ቀዳዳ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቶበታል ማለት ነው።

ቀጥሎ ትሪው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና አራቱም ማዕዘን በየተራ በጣት ይጫናል። የሚወዛወዝ ከሆነ ተጣሟል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ምንም አይደለም፤ ቡና ለሚቀርብበት ግን ችግር ነው። እጀታው በሪቬት የተያዘ ከሆነ ቢላላም በመዶሻ ይጠብቃል። በስታኞ የተያያዘ ከሆነ ግን ዙሪያውን ስንጥቅ ይፈለጋል፤ ምክንያቱም አሮጌ ስታኞ ሲሰነጠቅ ትሪው ሲሞላ ነው የሚለቀው። አሥራ ሁለት ሲኒ ከነማስቀመጫውና ከነቡናው ሦስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

መጠኑንም ከቤት ለክቶ መሄድ ነው። የሲኒው ማስቀመጫ 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ሦስት በአራት ተደርድረው አሥራ ሁለት እንዲገቡ የትሪው ውስጥ ቢያንስ 33 በ44 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ሻጮች የሚናገሩት የውጩን ልክ ከነእጀታው ነው፤ ሰፊ ጠርዝ ያለው ትሪ በዚህ ብቻ አራት ሲኒ ያህል ቦታ ሊያሳጣ ይችላል።

ቀለም ቅቡ

ጥቁር መደብ ላይ ጽጌረዳና ሌላ አበባ የፈካበት ትሪ በብዛት ከሩሲያ ነው። በሞስኮ አቅራቢያ ያለችው የዦስቶቮ መንደር በዚህ ሥራ ትታወቃለች፤ የቪሽኒያኮቭ ቤተሰብ ወርክሾፕ እዚያ በ1825 ተቋቋመ። አሠራሩ ንብርብር ነው። ላሜራው ከተጠፈጠፈና ጥቁር ከተቀባ በኋላ ሠዓሊው መጀመሪያ አበቦቹን በደበዘዘ ቀለም በሰፊው ይጥላቸዋል፤ ይደርቃል። ከዚያ ጥላው፣ ከዚያ ዋናው ቀለም፣ ከዚያ ብርሃን የሚወድቅበት ነጣ ያለ ምት፣ ከዚያ የቅጠሉ ጅማት በቀጭን ብሩሽ፣ መጨረሻ ላይ አበቦቹን የሚያያይዘው ሣርና የጠርዙ ወርቃማ ሐረግ ይከተላሉ። በላዩ ቫርኒሽ ይደረባል። ንድፍ ቀድሞ አይገለበጥም፤ ስለዚህ እውነተኛ ከሆኑት ሁለት ትሪዎች አንድ ዓይነት አይሆኑም። በጣት ጫፍ ሲዳሰስ ከቫርኒሹ ሥር የብሩሹ ምት ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰማል። በማጉያ መስታወት ሲታይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ከሆነ ግን ማተሚያ ቤት የወጣ ነው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ሶቭየት ኅብረት የሄዱ ኢትዮጵያውያን በሺዎች ስለሚቆጠሩ እንዲህ ያለ ትሪ አዲስ አበባ ውስጥ ብቅ ቢል አያስደንቅም። ቫርኒሹ ሙቀት አይወድም፤ የጋለ ጀበና በቀጥታ ከተቀመጠበት ነጭ ቀለበት ይተውበታል።

የማስታወቂያ ትሪዎች ሌላ ገበያ አላቸው። ኮካ ኮላ የማስታወቂያ ትሪ ማውጣት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን የጥንቶቹ ቅጂ በገፍ ተመርቷል። ቅጂው ራሱ ዛሬ ሃምሳ ዓመት ስለሞላው ዝገቱና ጭረቱ ማስረጃ አይሆንም።

የወረቀት ትሪ ብርቅ ነው። ሄንሪ ክሌይ የተባለ የበርሚንግሃም ሰው በ1772 የወረቀት ንብርብርን አጣብቆ እንደ እንጨት የማጠንከር ዘዴ አስመዝግቦ ነበር። በእጅ ሲነሳ ይቀላል፣ እንደ ብረት አይቀዘቅዝም፣ ሲንኳኳ የታፈነ ድምፅ አለው። ውኃ ከጠርዙ ከገባ ያብጥና ንብርብሩ ይላቀቃል፤ ስለዚህ ለጌጥ ብቻ ነው። የጣሊያን ፍሎረንስ ወርቅ ቅብ የእንጨት ትሪም እንዲሁ ነው፦ ከወርቁ ሥር ያለው የኖራ መሰል ልስን በእርጥበት ይፈረፈራል። ጀርባው ላይ የስፒል ራስ የሚያህሉ ክብ ቀዳዳዎች ካሉ ነቀዝ ነው፤ ከሥራቸው ትኩስ ዱቄት የሚፈስ ከሆነ ነቀዙ አሁንም በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ቤት ማስገባት አይመከርም።

ኢናሜል

የአበባ ሥዕል ያለበት ነጭ ክብ ትሪ ብዙ የኢትዮጵያ ቤት ያውቀዋል። በሐረሪ ቤት ደግሞ ኢናሜል ሳህንና ጎድጓዳ ዕቃ ከስፌቱ ጋር ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ቤቱን ያስውባል፤ ዕቃን በግድግዳ ማሳየት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ኢናሜል የመስታወት ዱቄት በብረት ላይ ተነስንሶ በ800 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲቀልጥ የሚፈጠር ሽፋን ነው። መስታወት በመሆኑ ሲወድቅ ይላጣል፤ ከተላጠበትም ዝገት ይጀምራል። ጠርዝ ላይ ያለ ልጠት ችላ ይባላል፣ መሃል ላይ ያለው ግን ምግብ ላይ ስብርባሪ ይጥላል። በድሮ ጌጥ ቀለማት፣ በተለይ በቀዩ፣ በብርቱካናማውና በቢጫው ውስጥ እርሳስ ወይም ካድሚየም ሊኖር ይችላል፤ ሎሚ፣ ቲማቲምና ሌላ ጎምዛዛ ነገር ያሟሟቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በወረቀት ልኩን ቆርጦ መስታወት ቤት መውሰድና በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ጠርዙ የተሞረደ መስታወት ማስቆረጥ። ነሐስና መዳብ ላይም ምግብ በቀጥታ ከማስቀመጥ ይኸው ይሻላል።

ጀርባው ላይ የጠፉ አገሮች

እንደዚህ ያለ ዕቃ ላይ ዕድሜን ለመገመት ከሁሉ የሚረዳው የአገር ስም ነው። አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ በሕግ አስገድዳለች። ቼኮስሎቫኪያ የሚል ትሪ ከ1918 እስከ 1992 ባለው ጊዜ፣ ምዕራብ ጀርመን የሚል ከ1949 እስከ 1990፣ «በወረራ ሥር ያለች ጃፓን» የሚል ከጦርነቱ በኋላ እስከ 1952 የተሠራ ነው። ማኅተም አለመኖሩ ግን ጥንታዊነትን አያረጋግጥም፤ ተለጥፎ የነበረ ወረቀት ተልጦም ሊሆን ይችላል። ሻካራ የሆነ፣ በቅርቡ በሞረድ የተፋቀ ቦታ ካለ ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የት ይገኛል

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ትሪ ከሰው ቤት የሚወጣው በቁራሌው ወይም በልዋጭ ነጋዴ ነው፤ ከዚያ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ ነሐስና መዳብ በኪሎ ስለሚፈለጉ ጌጡ ሳይታይ ወደ ማቅለጫ ሊሄድ ይችላል፤ ጠዋት መድረስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ቸርችል ጎዳና ባሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች ዕቃው ታጥቦ፣ ዋጋው ለቱሪስት ተሰልቶ ይጠብቃል። ከአገር የሚወጡ የውጭ ዜጎች የሚያደርጉት የቤት ዕቃ ሽያጭ መካከለኛው መንገድ ነው። ዕቃውን ወደ ውጭ ለመውሰድ የሚያስብ ሰው፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ ማወቅና ዕቃው ቅርስ አለመሆኑን አስቀድሞ ማስመርመር አለበት።

በአሜሪካ ለሚኖሩ የሟች ወይም ቤት የሚለቅ ሰው ሙሉ ንብረት የሚሸጥበት «ኢስቴት ሴል» ከሰልባጅ ሱቆቹ ይበልጣል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል፤ ምርጡ ዕቃ በመጀመሪያው ጠዋት ያልቃል፣ ዋጋው ደግሞ በመጨረሻው ቀን ብዙ ጊዜ በግማሽ ይወርዳል። ብር ቅብ ትሪ ተፈላጊ ስላልሆነ እስከ መጨረሻው ቀን መጠበቁ አይጎዳም። እስራኤል ውስጥ የያፎ የቁንጫ ገበያ፣ ሹክ ሃፒሽፔሺም፣ የመካከለኛው ምሥራቅ የተቀረጸ ነሐስ የሚገኝበት ነው፤ ቅዳሜ ዝግ ነው። ብራስልስ ውስጥ የዡ ደ ባል አደባባይ ገበያ በየቀኑ ጠዋት ይቆማል።

ማጽዳትና መስቀል

ብር ቅብን በአሸዋ፣ በአመድ ወይም በሽቦ መፈተግ ቅቡን ከጥቁረቱ ጋር አብሮ ያነሳዋል። የሚሻለው ሰፊ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ የአሉሚኒየም ፎይል አንጥፎ፣ በአንድ ሊትር የፈላ ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሮ፣ ትሪው ፎይሉን እንዲነካ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ መንከር ነው። ሰልፈሩ ከብሩ ወደ አሉሚኒየሙ ይዞራል፤ ብሩ አይፋቅም። የእንጨት እጀታ ያለውን፣ በሙጫ የተጣበቀውንና ጌጡ እንዲታይ በጥቁር የተሞላውን ቅርጽ ግን አይነክሩም፤ ጥቁሩ ከሄደ ቅርጹ ይደበዝዛል። ነሐስ በሎሚና በጨው ይጠራል፣ ሆኖም ወዲያው ካልታጠበ ሮዝማ ነጠብጣብ ይወጣበታል። በነሐሱ ላይ እንደ ካርታ የተቆራረጠ ብሩህና ጥቁር ቦታ ከታየ ቆሻሻ ሳይሆን የፋብሪካ ቫርኒሽ እየለቀቀ ነው። ሁሉም እስኪነሳ ድረስ ምንም ዓይነት መወልወያ አይሠራበትም።

ከሁለት ኪሎ በላይ የሆነ ትሪ በብሎኬት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው በትራፓኖ ተበስቶ ፊሸር ከገባ በኋላ ነው። ልስኑ ላይ ብቻ የተመታ ሚስማር ቀስ በቀስ ይለቃል። ትሪውን ራሱን መብሳት ዋጋውን ስለሚያበላሽ ከኋላ የሚይዝ የሽቦ መስቀያ ይመረጣል፤ ሽቦው ጠርዙን የሚነካበት ቦታ ላይ ቀጭን ላስቲክ ካልገባ የቀለም ቅብ ትሪ በአራት ቦታ ይላጣል።