ላይቭ ፍላሽ ምንድን ነው?

ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነም 8ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የወጣ መሆን አለበት። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ከዚያ በፊት የተሠራ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ የሚሠራበት ሰው ነፃውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስን ማሰቡ አይቀርም። የሚያስፈራው ዊንዶውሱና ፋይሎቹ እንዳይጠፉበት ነው። ላይቭ ፍላሽ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ላይቭ ፍላሽ ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የያዘ፣ ኮምፒውተሩ በሃርድ ዲስኩ ፈንታ ከእሱ እንዲነሳ ተደርጎ የተዘጋጀ ፍላሽ ነው። ዊንዶውስ መጫኛው ቡታብል ፍላሽ የሚያገለግለው ለመጫን ነው፤ ይሄኛው ግን ሳይጫን ያሠራል። ዴስክቶፑ ይከፈታል፣ ፋየርፎክስ ይሠራል፣ ሊብረኦፊስ ላይ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ሃርድ ዲስኩ ግን አይነካም። ፍላሹ ላይ ያለው ሲስተም ተጨምቆ የተቀመጠ፣ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ስለሆነ፣ የሚለወጠው ነገር ሁሉ ራም ላይ ያርፋል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ራሙ ባዶ ይሆናል፣ ደብዳቤውም አብሮ ይሄዳል። መብራት ድንገት ቢጠፋም ዊንዶውሱ አይጎዳም። እንዲቆይ የተፈለገ ፋይል ግን ሌላ ፍላሽ ላይ መቀመጥ አለበት።

ለመጀመሪያ ሙከራ ሊኑክስ ሚንት የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ጥሩ ነው፣ መልኩ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ እንግዳ አይሆንም። ራሙ 4 ጂቢ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀለል ያለ ዓይነት መውሰድ ይሻላል። የሚወርደው አይኤስኦ (ሲስተሙ በሙሉ የታሸገበት) ፋይል ወደ 3 ጂቢ ስለሚጠጋ በሞባይል ዳታ ከሆነ ፓኬጁን አስቀድሞ ማስላት ነው። በብሮውዘር ከማውረድ ይልቅ ሚንት ራሱ በሚሰጠው ቶረንት (ፋይልን በክፍልፋይ የሚያወርድ መንገድ) ማውረድ ይመረጣል። ኔትወርክ ቢቆራረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ የወረደውንም እያንዳንዱን ክፍል ራሱ ይፈትሻል። ፋይሉ ከሌላ ሰው በፍላሽ የተቀዳ ከሆነ ግን የኤስኤችኤ 256 ቁጥሩን (ፋይሉ አለመለወጡን የሚያሳየውን መለያ) ሚንት ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ፍላሹን የሚያዘጋጀው ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሩፉስ ውስጥ ፋይል መምረጫው አጠገብ ያለው የራይት ምልክት ቁጥሩን አስልቶ ያሳያል።

8 ጂቢ ፍላሽ ይበቃል። አይኤስኦውን ኮፒ አድርጎ ፍላሹ ላይ መለጠፍ ግን አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፋይሉ ፍላሹ ላይ በሩፉስ መጻፍ አለበት፣ ሩፉስም ሲጽፍ ፍላሹ ላይ የነበረውን ሁሉ ያጠፋል። ጀምር ከመባሉ በፊት የተመረጠው ፍላሽ እንጂ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለመሆኑን በመጠኑ ማረጋገጥ ነው። በምን ዓይነት መንገድ ይጻፍ ብሎ ከጠየቀ አይኤስኦ የሚለው ይመረጥ። ተጽፎ አልቆ ሲነሳ ግን መሃል ላይ የሚቆም ከሆነ ፍላሹን መጠርጠር ተገቢ ነው። ላዩ ላይ 64 ጂቢ ተብሎ ውስጡ ከዚያ በጣም ያነሰ ፍላሽ ገበያ ላይ አለ፤ ኤች2ቴስት ደብሊው የተባለው ነፃ ፕሮግራም እውነተኛውን መጠን ያወጣዋል።

ከዚያ ዊንዶውሱን ሪስታርት ማድረግ ነው። ሻት ዳውን አይደለም፦ ፋስት ስታርትአፕ በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን ዊንዶውሱን ግማሽ በግማሽ ያስተኛዋል እንጂ አይዘጋውም፣ ሊኑክስም ሲነሳ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል ወይም ጭራሽ እምቢ ይላል። ሲነሳ ቡት ሜኑ የሚከፍተው ቁልፍ እንደ ኩባንያው ይለያያል፦ ኤችፒ ኤስኬፕ ከዚያ ኤፍ 9፣ ዴልና ሌኖቮ ኤፍ 12፣ አሱስ ላፕቶፕ ኤስኬፕ። ኤሰርም ኤፍ 12 ነው፣ ግን አንዳንዱ ላይ ባዮስ (የኮምፒውተሩ የመነሻ ሴቲንግ) ገብቶ ካልተፈቀደለት አይሠራም። ቁልፉ እምቢ ካለ ዊንዶውስ ውስጥ ሺፍት ይዞ ሪስታርት የሚለውን መጫንና ከሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ፍላሹን መምረጥ ይቻላል። ኤንቪዲያ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ጥቁር ስክሪን ላይ ከቀረ ከመጀመሪያው ሜኑ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ የሚለውን መምረጥ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ፍጥነቱን አይቶ መፍረድ አያዋጣም። ፍላሽ ከዲስክ ስለሚዘገይ፣ በተለይ ዩኤስቢ 2 ላይ፣ ሚንት ሲጫን ከዚህ ይፈጥናል። መፈተሽ ያለበት ዕቃው ነው፦ ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራ፣ የብርሃን መቀነሻው፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት መንቃቱ። የብሮድኮም ዋይፋይ ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ለጊዜው ስልኩን በኬብል አገናኝቶ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ማብራት ኢንተርኔት ያስገኛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ አፕዴት ማናጀሩ ቢለምንም አይነካ። ያወረደው ሁሉ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ይጠፋል፣ ዳታው ግን ተበልቷል።

ፒያሳ አካባቢ ማመልከቻና ውል እየጻፈ የሚኖር ሰው ከሁሉ በፊት ሊያየው የሚገባ አማርኛውን ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ ሊብረኦፊስ ላይ በደንብ ይነበባል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የድሮ ሰነድ ግን ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። የፎንቱን ፋይል ከዊንዶውሱ ቀድቶ መጫን ያስተካክለዋል። ፓወር ግዕዝ ራሱ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ በሊኑክስ ቦታውን የሚተካው አይባስ የተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ሲሆን፣ ከኤም17ኤን (የብዙ ቋንቋ ኪቦርዶች ስብስብ) ጋር ሲጫን በላቲን ፊደል ድምፁን እየመቱ አማርኛ መጻፍ ይቻላል። ፕሪንተሩንም ሰክቶ አንድ ገጽ ማተም ነው፤ አንዳንድ የካኖን ኤልቢፒ ሞዴሎች ከኩባንያው የሚወርድ ድራይቨር ካልተጫነላቸው አያትሙም።

«ዲስኩ አይነካም» የተባለው ተጠቃሚው ራሱ እስካልነካው ድረስ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ያለው የመጫኛ ምልክት እውነተኛ መጫኛ ነው፤ ዲስኩን አጽድተህ ጫን የሚለው ምርጫ ላይ እሺ ከተባለ በኋላ ዊንዶውሱም ፎቶውም የለም። የዊንዶውሱን ፓርቲሽን ከፍቶ ፋይል መሰረዝም እንደዚያው የምር መሰረዝ ነው። ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈቀደ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን) ማጥፋት ደግሞ ለአዲስ ሚንት አያስፈልግም፤ ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የበራበት ኮምፒውተር ላይ ከተነካ ዊንዶውሱ ሲመለስ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉን አስቀድሞ ከማይክሮሶፍት አካውንት አውጥቶ ወረቀት ላይ መጻፍ ከጭንቀት ያድናል።

ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ቢገኝ ማዘርቦርዱ አልተበላሸም። ሊኑክስ ሰዓቱን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ያስቀምጣል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የተቀመጠውን እንደ አካባቢ ሰዓት ያነበዋል፤ የኢትዮጵያ ልዩነት 3 ሰዓት ነው። የሰዓት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ሲንክ ናው ማለት ይበቃል። ፍላሹን ወደ ተራ ፍላሽነት ለመመለስም ያው ሩፉስ ላይ «ኖን ቡታብል» መርጦ እንደገና ማስጻፍ ነው።