«ቶነሩ ጨረሰን» እንላለን፤ የሚጥለን ግን ወገባችን ነው፦ ስለ ፎቶኮፒ ጥገና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት የረዳቴ እናት ሱቃችን ድረስ መጡ። ዝናብ ይዟቸው ኖሮ ነጠላቸው ርሷል። ወንበር ባቀርብላቸውም አልተቀመጡም። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «ይሄ ልጅ ማታ ሲናፈጥ የሚወጣው ጥቁር ነው። ያ ዱቄት ካንሰር ያመጣል ይሉኛል። እባክህ ከሱ አርቅልኝ፤ ወተቱን እኔ እልክለታለሁ።» ይህን ሲሉ ልጃቸው በሩ ላይ ትልቅ ፎቶኮፒ ማሽን ብቻውን አቅፎ ከባጃጅ እያወረደ ነበር። ሁለታችንም አየነው፤ ሁለታችንም ምንም አላልነውም።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ያ ቀን ነው። ጅማ ውስጥ ፎቶኮፒ ስጠግን 16 ዓመት ሆነኝ። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ካሉት ኮፒ ቤቶች ጀምሮ እስከ አጋሮ መሥሪያ ቤቶች ድረስ ያልገባሁበት የለም። በሙያችን የምንፈራው ሌላ፣ የሚጎዳን ሌላ ነው። የምንፈራው ቶነሩን፣ ማለትም ማሽኑ ወረቀት ላይ የሚያትምበትን ዱቄት ነው። ባልደረቦቼን አንድ በአንድ ከሥራ ያስወጣቸው ግን ወገብና ጉልበት ነው። ለመከላከያ ብለን የምናደርገውም ብዙ ጊዜ ጉዳቱን ያባብሰዋል።

«ቶነር ካንሰር ነው»

ቶነር በአብዛኛው የደቀቀ ፕላስቲክ ነው። ጥቁርነቱን የሚሰጠው ካርቦን ብላክ የሚባል እንደ ጥላሸት ያለ ነገር ነው፤ ሰምና እንደ ማሽኑ ዓይነት የብረት ኦክሳይድም ይገባበታል። ፍርሃቱ የመጣው ከካርቦን ብላኩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ለዚህ ዋናው መነሻ በአይጦች ላይ የታየው ውጤት ነው፤ በሰው ላይ የተገኘው ማስረጃ በቂ ሆኖ አልተገኘም። ይህ ምድብ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለጅማ ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡናችን ራሱ ከፊኛ ካንሰር ጋር ተያይዞ ከ1991 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በዚሁ ምድብ ውስጥ ነበር፤ ማስረጃው እንደገና ሲመረመር ወጣ። ቶነር ውስጥ ያለው ካርቦን ደግሞ ለብቻው የሚበን ሳይሆን ከፕላስቲኩ ጋር የታሰረ ነው። ጃፓን ውስጥ ከቶነር ጋር በሚሠሩ ሰዎች ላይ ለዓመታት የተደረገው ክትትልም በአብዛኛው ጉልህ የሳንባ ጉዳት አላሳየም።

እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይዘላሉ፤ «እንግዲያው አይጎዳም» ይላሉ። ይጎዳል። የቶነር ቅንጣት ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ገደማ ናት፤ የሰው ጸጉር 70 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። ተለቅ ያለው አፍንጫ ላይ ይቀራል፤ እናትየው ያዩት ጥቁር ንፍጥ አፍንጫ ሥራውን እየሠራ እንደሆነ ያሳያል። ደቃቁ ግን ወደ ውስጥ ይወርዳል። አስም ያለበትን ያስነሳበታል፤ ሌላውን ያስለዋል፣ ዓይኑን ይቆጠቁጠዋል፣ ቆዳውን ያሳክከዋል።

ደግሞም አምራቹ «ጉዳት የለውም» ያለው ታሽጎ መጥቶ ታሽጎ ማሽን ውስጥ ለሚገባ ቶነር ነው። እኛ ሪፊል እናደርጋለን። አዲስ ካርትሪጅ (የቶነር መያዣው) ውድ ስለሆነ አሮጌውን ፈተን፣ ትርፍ ዱቄት የሚፍቀውን ብሌድ ጠርገን፣ ዱቄቱን ጠባብ ክፍል ውስጥ እየገለበጥን እንሞላለን። ፊታችን ላይ የሚበነው መጠን አምራቹ ያላሰበው ነው። በሐኪም ቤት የሚታደለው ሰማያዊ ማስክ በጎንና በጎን አየር ያስገባል። የሚያስፈልገው ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 ነው፤ እሱም ፊት ላይ ገጥሞ ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም፤ ጺም ላይ አይገጥምም።

«ሮለሩንም እጅህንም በቤንዚን እጠበው»

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ቶነርን እንደ መርዝ የሚሸሽ ልጅ ማታ እጁን በቤንዚን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከማደያ የምንቀዳው ቤንዚን ውስጥ ቤንዝን የሚባል ኬሚካል አለ። እሱ «ይችል ይሆናል» የሚባልለት አይደለም፤ ካንሰር አምጪነቱ ተረጋግጦ በአንደኛው ምድብ የተቀመጠና የደም ካንሰር የሚያመጣ ነው። በትነት ወደ ሳንባ ይገባል፣ በቆዳም በኩል ያልፋል፣ የቆዳን ቅባት አጥቦ እጅን ይሰነጥቃል። ገና ያልበረደ ማሽን አጠገብ ቆርቆሮ ከፍቶ ማስቀመጥ ደግሞ እሳት መጥራት ነው። ለሮለር አይሶፕሮፒል አልኮል ይበቃል፤ እሱም ማሽኑ ከቀዘቀዘ በኋላና መስኮት ተከፍቶ።

እጅ ላይ ያለ ቶነር በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይለቃል። ቶነር በሙቀት ወረቀት ላይ እንዲጣበቅ የተሠራ ስለሆነ ሙቅ ውሃ አይመከርም።

«ወተት ጠጣበት፤ ያጥብልሃል»

ከቀለም ቀቢ እስከ ጋራዥ ሠራተኛ ይህን የማይል የለም። ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፤ አየር የሚወርደው በሌላ ቧንቧ ወደ ሳንባ ነው። አይገናኙም። ሳንባን የሚያጸዱት በአየር ቧንቧው ግድግዳ ላይ ያሉ ደቃቅ ጸጉሮች ናቸው፤ አቧራ የያዘውን አክታ ወደ ላይ እየገፉ ያወጡታል። እነዚህን ጸጉሮች የሚያሽመደምደው ሲጋራ ነው። ስለዚህ ስለ ሳንባው የሚጨነቅ ቴክኒሺያን መጀመሪያ የሚጥለው ሲጋራውን ነው።

ወተት ምግብ ነው፤ ይጠጣ። ክፋቱ የሚመጣው በማስክ ቦታ ሲተካ ነው። በወጣትነቴ የሠራሁበት አንድ ድርጅት በየወሩ የወተት ብር ይሰጠን ነበር። ማስክ ግን አንድም ቀን አልገዛልንም፤ እኛም ወተቱ ስላለ አልጠየቅንም።

«ጎሚስታ ወስደህ አስነፋው»

በኮምፕሬሰር የተነፋ ማሽን ውስጡ ያበራል፤ እውነት ነው። ዱቄቱ ግን ከማሽኑ ወጥቶ የነፋው ልጅ ላይና አጠገቡ ጎማ የሚያስለጥፈው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። የቤት ቫኪዩም ደግሞ ይብሳል። ማጣሪያው ለዚህ ያህል ደቃቅ ዱቄት ስላልተሠራ በፊት የሳበውን በኋላ ይተፋዋል፤ ደቃቅ ፕላስቲክ ከሞተሩ ብልጭታ ሲገናኝም ሊቀጣጠል ይችላል። ለቶነር ተብሎ የተሠራ ቫኪዩም አለ። እሱ ከሌለ እርጥብ ጨርቅና ትዕግሥት።

ክረምት ላይ ይህ ሁሉ ይከፋል። ጅማ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡን ፈርተን በርና መስኮት ዘግተን እንሞላለን። ወረቀቱም እርጥበት ይስባል፤ የሳበ ወረቀት ይጣበቃል፣ ማሽኑ ውስጥ ይያዛል። አንድ ቀን የተያዘ ወረቀት ለማውጣት ብቻ ስድስት ቦታ ተጠርቻለሁ። ስድስት ጊዜ ማጎንበስ፣ ስድስት ጊዜ እስከ 200 ዲግሪ የሚደርስ ፊውዘር (ቶነሩን በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል) አጠገብ እጅ መስደድ ማለት ነው። ደንበኛው ቆሞ «ቶሎ በልልኝ» እያለ ፊውዘሩ እስኪበርድ መጠበቅ ይከብዳል፤ እጄ ላይ ያሉት ጠባሳዎች ሁሉ ያልጠበቅኩባቸው ቀናት ናቸው።

«የማሽኑ መብራት ጨረር ነው፤ መካን ያደርጋል»

አያደርግም። ወረቀቱን የሚያነበው ተራ መብራት ነው፤ ከኤክስሬይ ጋር አይገናኝም። ደጋግሞ ማየት ዓይን ያደክማል፣ ክዳኑን መዝጋት ነው። ቴክኒሺያን ሊጠነቀቀው የሚገባው የሌዘር ክፍሉን ነው፤ የብዙዎቹ ጨረር ለዓይን አይታይም፣ የማይታይ ስለሆነም ዓይን ጨፍኖ አይከላከለውም። ማሽኑ እየሠራ ያንን ክፍል አትክፈቱ።

«የወገብ ሕመም ብርድ ነው»

እዚህ ላይ ረዘም ልበል። አሥረኛ ዓመቴ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት አሳንሰሩ ስለማይሠራ ከረዳት ጋር ሆነን ማሽን ወደ አራተኛ ፎቅ አወጣን። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። «ብርድ ነው» አልኩ። ባለቤቴ በዳማከሴ አሸችኝ፣ ጎረቤት ወጌሻ ጠራልኝ። ለሁለት ሳምንት ቀኝ እግሬ እስከ ጣቴ ድረስ ሲደነዝዝ ቆይቶ ነው ሐኪም ጋ የሄድኩት፤ የዲስክ መንሸራተት ነበር።

ስሌቱ ቀላል ነው። ወገባችንን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ጡንቻ ከአከርካሪው መገናኛ በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው የሚጎትተው። 20 ኪሎ ዕቃ ከአካላችን 50 ሴንቲ ሜትር አርቀን ስንይዝ ርቀቱ አሥር እጥፍ ስለሆነ ጡንቻው በ200 ኪሎ ጉልበት መጎተት አለበት፤ ያ ሁሉ ዲስኩ ላይ ያርፋል። የራሳችን ገላ ክብደት ገና አልተጨመረም። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም ናዮሽ ሁኔታው ሁሉ ምቹ ሆኖ እንኳ ለአንድ ሰው ማንሻ ያስቀመጠው መነሻ 23 ኪሎ ነው። ኤ3 የሚያወጣ ማሽን ብዙ ጊዜ ከ50 ኪሎ ያልፋል፣ መያዣውም ወጣ ገባ ነው። የአንድ ደስታ ኤ4 ወረቀት ክብደት 2.5 ኪሎ ስለሆነ አምስት ደስታ የያዘው ካርቶን 12.5 ኪሎ ነው፤ ያንን ቀላል ነው ብለን በአንድ እጅ ከሞተር ሳይክል የምናወርደው ነው ቀስ በቀስ የሚበላን።

ይህን ማሽን ለዓለም የሰጠው ቼስተር ካርልሰን ራሱ የአከርካሪ አርትራይተስ ታማሚ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሰነድ በእጅ መገልበጡ እያሰቃየው ነው መፍትሔ የፈለገው፤ በጥቅምት 1938 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋን ኮፒ አወጣ። ከወገብ ሕመም የተወለደ ማሽን ወገባችንን ሲሰብር ማየት ያመኛል።

ስለዚህ ማሽን ብቻችሁን አታንሡ። ትሪዎቹን፣ ካርትሪጁንና የሚነቀለውን ሁሉ መጀመሪያ አውጡ። ጋሪ ተከራዩ። የወገብ ቀበቶ ጤነኛን ሰው ከጉዳት እንደሚከላከል በቂ ማስረጃ አልተገኘም፤ የታጠቀ ልጅ የማይችለውን ሲያነሳ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ከታመማችሁም በኋላ «ወር ሙሉ ተኛ» የሚለውን አትቀበሉ፤ ለአብዛኛው የወገብ ሕመም ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ነው የሚያሽለው። ብሽሽት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት መሽናት ወይም መያዝ ካቃተ፣ እግር እየከዳ ከመጣ ግን ወጌሻ አትጥሩ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው፤ የቀናት መዘግየት እስከ ዘለቄታው ሊያሽመደምድ ይችላል።

ጉልበትም እንዲሁ ነው። የታችኛውን ትሪ ለመክፈት ሴራሚክ ላይ ተንበርክኮ መዋል ጉልበት ፊት ያለችውን የፈሳሽ ከረጢት ያስቆጣታል። የተጣጠፈ ፍራሽ ቁራጭ ከካቻቢቴው ጋር ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ።

«መብራት ጠፍቷል፤ አይነዝርም»

መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ከሶኬት ሳይነቀል ከፍቶ እጅ የሚሰድ ብዙ ነው። መብራት ሲመጣ አይጠራም። ሮለሩ ይዞራል፣ የፊውዘሩ መብራት 220 ቮልት ያገኛል። ሶኬቱን ራሳችሁ ነቅላችሁ ዓይናችሁ ሥር አድርጉት። ከተነቀለም በኋላ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች 300 ቮልት ያህል ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ቦርዱን ወዲያው አትንኩ። ቀለበትና ሰዓት ቀድሞ ይወልቃል።

«ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ምን ያምሃል?»

ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የደህንነት መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ከሥራው የመጣ በሽታንም እንደ ሥራ ጉዳት ይቆጥረዋል። ይህን ለማስረዳት ግን የተጻፈ ነገር ያስፈልጋል። እኔ ሐኪሙ ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ቴክኒሺያን» አልኩ፤ እሱም እንደዚያው ጻፈ። ወንበር ላይ ተቀምጬ የምውል ነው የመሰለው፤ «ስፖርት ሥራ» ብሎ ሸኘኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስንት ኪሎ፣ ስንት ፎቅ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደማነሳ ስነግረው ብዕሩን አስቀምጦ ከመጀመሪያው ጀምሮ መጠየቅ ጀመረ። እናንተም ካርድ ስታወጡ እንዲህ አድርጋችሁ ንገሩ፦ ኪሎውን፣ ፎቁን፣ ዓመቱን።