ስለ አሮጌ ፎር ዊል መኪና የዲፈረንሻል ሬሾ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጎንደር የሚወጣ መኪና ብዙም ሳይርቅ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ይገጥመዋል። በወገራ በኩል ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሰው ከ2,100 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ከ2,800 ሜትር በላይ ይወጣና ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ቆላ ይገባል፤ በአይከል በኩል ወደ መተማ የሚወርደውም እንዲሁ ደጋውን ትቶ ቆላ ላይ ይደርሳል። በእነዚህ መንገዶች ላይ የድሮ ላንድክሩዘር ወይም ላንድሮቨር የሚነዳ ሰው ስለ ሞተሩ የሚጨነቀውን ያህል ስለ ኋላ ዲፈረንሻሉ (ከካምቢዮ የሚመጣውን ዙር ወደ ጎማዎቹ ስለሚያስተላልፈው ማርሽ) ሬሾም ሊያስብ ይገባዋል። ይሁን እንጂ በየጋራዡ ስለዚህ ጉዳይ የሚነገረው ሁሉ ትክክል አይደለም።

«ቁጥሩ ከፍ ሲል መኪናው ይፈጥናል»

እውነታው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሬሾው 4.11 ነው ማለት የኋላ ጎማዎች አንድ ጊዜ ሲዞሩ ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 4.11 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፤ ይኸውም ክራውኑ (በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ማርሽ) 37 ጥርስ፣ ፒኞኑ (እሱን የሚያዞረው ትንሹ ማርሽ) ደግሞ 9 ጥርስ ሲኖረው የሚገኝ ነው። ፒኞኑ 10 ጥርስ ከሆነ ሬሾው 3.70 ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 በተመረተው ኤፍጄ40 ላንድክሩዘር ላይ በብዛት የሚገኙት እነዚህ ሁለቱ ሲሆኑ፣ 4.11 በቀደሙት፣ 3.70 ደግሞ በኋለኞቹ ላይ ይበዛል። ባለ 31 ኢንች ጎማ የሆነ መኪና በመጨረሻው ማርሽ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በ4.11 ሞተሩ በደቂቃ 2,200 ዙር ገደማ፣ በ3.70 ደግሞ 2,000 ዙር ገደማ ይዞራል። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል።

«የኋላውን ብቻ መቀየር ይበቃል»

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስሕተት ይህ ነው። በእነዚህ የድሮ መኪኖች ላይ ፎር ዊል ሲገባ የፊቱና የኋላው ዘንግ በአንድ ላይ ተቆልፈው እኩል ይዞራሉ፤ በመካከላቸው ልዩነቱን የሚያቻችል ሌላ ዲፈረንሻል የለም። ከኋላ 4.11፣ ከፊት 3.70 ቢሆን ዘንጎቹ እኩል እየዞሩ ጎማዎቹ ግን በ11 ከመቶ የተለያየ ፍጥነት መሽከርከር ይፈልጋሉ፤ ይህም የኋላዎቹ 100 ሜትር ሲሄዱ የፊቶቹ 111 ሜትር ለመሄድ ይታገላሉ ማለት ነው። በክረምት የደምቢያ ዋልካ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት አሽከርካሪው ችግሩን ወዲያው ላያየው ይችላል። መኪናው ድንጋያማ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን መሬቱ ጎማውን ስለሚይዘው ጭነቱ ሁሉ ወደ ክሮቼራው (የዘንጉ መታጠፊያ መገጣጠሚያ)፣ ወደ ዘንጉና ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ወደሚያከፋፍለው ማርሽ ይሄዳል፤ ከመካከላቸው ደካማው ይሰበራል። የፊቱን ዘንግ አውልቆ መንዳት መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ፤ እንዲህ የተደረገ መኪና ግን ፎር ዊልነቱን አጥቷል። ስለዚህ ሬሾ ለመቀየር የሚነሣ ሰው ለፊትም ለኋላም በጀት ይያዝ፣ ካልሆነም እስኪሟላለት ይቆይ። በ4.10 እና በ4.11 መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ አዲስና ያለቀ ጎማ ከሚፈጥሩት ልዩነት ያነሰ ነው።

«ጎማ መቀየር ከሬሾ ጋር አይገናኝም»

ይገናኛል። ከ31 ወደ 33 ኢንች ጎማ የተሸጋገረ መኪና ዲፈረንሻሉ ሳይነካ 4.11 የነበረው ሬሾ በተግባር ወደ 3.86 ይወርድበታል፤ ዳገት ላይ «ሞተሩ ደከመ» እየተባለ ወደ ጋራዥ የሚገባው መኪና አንዳንድ ጊዜ ችግሩ ይኸው ብቻ ነው። የፍጥነት መለኪያውም 80 ሲያሳይ መኪናው 85 ገደማ እየሄደ ነው። የቀድሞውን ጉልበት መመለስ የሚፈልግ ሰው 4.37 አካባቢ ያስፈልገዋል፤ በጎንደር ዳገት ላይ ጭነት ለሚያበዛ ሰው ደግሞ 4.56 የተሻለ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

«ፎር ሎው እያለ ስለ ሬሾ መጨነቅ አያስፈልግም»

ፎር ሎው (የፎር ዊሉ ዝቅተኛ ማርሽ) ለረግረግ፣ ለድንጋይና ለወንዝ መሻገሪያ የተሠራ ነው። በኤፍጄ40 ላይ ፎር ሎው ሲገባ የፊት ጎማዎችም አብረው ስለሚያዙ፣ በደረቅና ጠንካራ መንገድ ላይ በተለይ እንደ ሊማሊሞ ያለ ጠመዝማዛ ላይ ሲታጠፉ ዘንጎቹ እርስ በርስ ይወጣጠራሉ። ለረጅም የአስፋልት ዳገት የሚያገለግለው ትክክለኛ የዲፈረንሻል ሬሾ ነው።

«ትልቅ ሬሾ ነዳጅ ይጨርሳል»

ይህ አባባል ለሜዳ እውነት አለው። ከአዲስ ዘመን ከተማ አልፎ በፎገራ ሜዳ ወደ ባሕር ዳር ለሚመላለስ ሰው 3.70 የተሻለ መሆኑን አልክድም። ደጋ ላይ ግን ሌላ ነገር ይጨመራል፤ በጎንደር ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ካርቡራተር ማስተካከል የነዳጁንና የአየሩን ምጣኔ ያርማል እንጂ የጎደለውን አየር አይመልስም። አሁን ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚወጣውን ዳገት እናስብ። ባለ 4.11 መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ በአራተኛ ማርሽ ከቆየ ሞተሩ 1,660 ዙር ገደማ ይዞራል፤ ይህም ባለ 4.2 ሊትሩ የቶዮታ 2ኤፍ ቤንዚን ሞተር ከፍተኛ የመጎተት አቅሙን ከሚሰጥበት ከ1,800 ብዙ የራቀ አይደለም። ባለ 3.70 መኪና አራተኛው ከብዶት ወደ ሦስተኛ ሲወርድ ግን፣ የሦስተኛው ማርሽ ሬሾ 1.41 ስለሆነ፣ ሞተሩ ከ2,100 ዙር በላይ ይዞራል። እንግዲህ ለቁጠባ ተብሎ የተመረጠው ሬሾ ዳገት በበዛበት መንገድ ሞተሩን ይበልጥ ያስጮኸዋል።

በላንድሮቨር ሲሪስ መኪኖችም ላይ ያው ስሕተት ይታያል። የፋብሪካው ሬሾ 4.7 ሆኖ ሳለ ለፍጥነት ተብሎ የሬንጅሮቨር 3.54 ይገባበታል። ባለ 2.25 ሊትሩ ሞተር ግን በዚህ ከፍታ ያንን ሬሾ በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ የሚጎትትበት አቅም የለውም።

«ሬሾ የሚጠቅመው ለዳገት ነው»

በእኔ እምነት ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይበልጣል፤ ዳገት ላይ የደከመ መኪና ይቆማል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የደከመ መኪና ግን ገደል ይገባል። በተመሳሳይ ማርሽና ፍጥነት 4.11 ያለው ሞተር 3.70 ካለው በ11 ከመቶ ይበልጥ ስለሚዞር መኪናውን አጥብቆ ይይዛል። በቀደሙት ኤፍጄ40ዎች ላይ አራቱም ፍሬኖች የከበሮ ዓይነት ናቸው፤ እነዚህ ሲግሉ የመያዝ አቅማቸው ይቀንሳል። ሊማሊሞን የሚያዘወትር ሰው ሬሾ ሲመርጥ መውረዱን አስቀድሞ ያስብ።

«መኪናው ሲመረት የነበረው ሬሾ አሁንም አለ»

አርባና ሃምሳ ዓመት በሠራ መኪና ላይ ይህን ማመን አይቻልም፤ መቁጠር ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ለሌሎቹ ጎማዎች ታኮ ተደርጎ፣ አንደኛው የኋላ ጎማ በክሪክ ይነሣል። ካምቢዮው ነጻ ይሆናል፤ በብዙዎቹ የድሮ መኪኖች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ዘንጉን ስለሆነ እሱም መለቀቅ አለበት፤ ታኮው አስተማማኝ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። ዘንጉና ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግና የተነሣው ጎማ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። ሁለት ዙር የሚያስፈልገው ሌላኛው ጎማ መሬት ይዞ ስለቆመ ነው። ዘንጉ አራት ዙር ሞልቶ ትንሽ ካለፈ 4.11 ነው፤ አራት ሊሞላ ከሩብ ዙር ትንሽ በለጥ ያለ ከቀረው 3.70 ነው። የፊቱም በዚሁ መንገድ ይቆጠር።

«ፒኞኑ ካረጀ ፒኞኑን ብቻ መለወጥ ይቻላል»

አይቻልም። ክራውንና ፒኞን በፋብሪካ አብረው ተፋጭተው የሚወጡ ጥንዶች ናቸው፤ ከሌላ መኪና የመጣ ፒኞን የጥርሱ ብዛት ቢገጥም እንኳ ጥርስ ለጥርስ አይስማማም፣ መጮህ ይጀምርና በአጭር ጊዜ ይበላል። አሮጌ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ሁለቱን አብሮ ይግዛ፣ በሁለቱም ላይ የተቀረጸው የጥንድ ቁጥር አንድ መሆኑንም ይመልከት። በሚገጠምበት ጊዜ ኩሽኔታዎቹ በአዲስ ቢተኩ ይመረጣል፤ ጥርሶቹ ላይ ቀለም ተቀብቶ የሚነካኩበት ቦታ መታየት አለበት፤ አሻራው በጥርሱ መካከል ካልዋለ ፒኞኑ በስስ ማስተካከያ ቀለበቶች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይገፋል። አዲስ ጥንድ ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ ያለ ጭነት 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ሆኖ ዲፈረንሻሉ እስኪበርድ ይቆማል። 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላም ዘይቱ ተደፍቶ በአዲስ 80 ደብልዩ 90 ጂኤል 5 ዘይት ይተካል።