ይቺ «21 ቀን» የምትባል ነገር

ሥራዬ ስለ አመጋገብ ማማከር ነው። ሰው ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳይደላደል ይጠይቀኛል፦ «21 ቀን ከቻልኩ ልማድ ይሆንልኝና ከዚያ ወዲያ በራሱ ይሄዳል አይደል?» አይሄድም። መልሱን ጽፌ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ምንም አልቀረኝም።

ሌሎቹን ትንንሽ ጥያቄዎች ቶሎ ልጨርሳቸው። በቀን 10,000 እርምጃ የግድ ነው? አይደለም። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣ ነው፤ ከዚያ ያነሰ መራመድም ይጠቅማል። የሆድን ስብ ብቻ ለይቶ የሚያቀልጥ ስፖርት? የለም። ጁስና ፍራፍሬ አንድ ናቸው? በአንድ ብርጭቆ የምትጨርሷቸውን ሦስት ብርቱካኖች እስቲ ቁጭ ብላችሁ ላጡና ብሏቸው፣ ከዚያ እናወራለን።

ወደ 21 እንመለስ። ማክስዌል ማልትዝ የሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ፊታቸውን ያስተካከለላቸው ሰዎች አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው አስተዋለና እ.ኤ.አ. በ1960 ጻፈው። ሰው ለሰው ሲቀባበለው ግን «ቢያንስ» የምትለዋ መንገድ ላይ ወደቀች፣ የፊቱም ነገር ተረሳ፣ 21 ብቻዋን ቀረች።

በኋላ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታተሉ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ብቻ መረጠ፤ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ውኃ መጠጣት፣ መሮጥ፣ እንደዚህ ያለ። ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ። በስሌታቸው መሠረት 18 ቀን የበቃው ሰው አለ፣ 254 ቀን የሚያስፈልገውም አለ። ውኃ ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ያስቸግራል። እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ሌላውን ግኝት ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም።

ይህን ያላወቀች አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። በ19ኛው ቀን የልደት ኬክ በላች። በማግስቱ ደወለችልኝ፦ «አበላሸሁት፣ ከሰኞ እንደገና እጀምራለሁ።» ሰኞ መጣ፣ ሄደ። ከአራት ወር በኋላ ስትመለስ ማስታወሻ ደብተሯን አየሁት፤ «ቀን 1» የሚል አምስት ቦታ ተጽፏል፣ «ቀን 20» ግን የትም የለም። ለአንድ ቁራሽ ኬክ! ከኬኩ ማግስት «ቀን 20» ብላ ብትቀጥል ኖሮ አራት ወር ሙሉ ጀማሪ ሆና ባልቀረች።

ስለዚህ መቁጠሩን ተዉት። አንድ ነገር ብቻ ያዙ፣ ትንሽ ይሁን፣ ድሮም ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት። ጥርሴን ከታጠብኩ በኋላ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ከምሳ በኋላ አሥር ደቂቃ እግር ማፍታታት። ፍራፍሬው ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ይቀመጥ፣ ብስኩቱ ወንበር የሚያስወጣ መደርደሪያ ላይ ይውጣ። ለእኔ ቁርጠኝነት የሚሉት ነገር ሲደክመኝ ከድቶኝ ያውቃል፣ የመደርደሪያው ከፍታ ግን ከድቶኝ አያውቅም።

እኔም ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር የምጠጣው። በየጥቂት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ ዜሮ ለመድረስ ሰባት ወር ፈጀብኝ። አሁን ስኳሩን ምላሴ ጨርሶ ረስቶታል። እጄ ነው ያልረሳው፤ ስኳር የሌለውን ሻይ ሳማስል ባለቤቴ አይታ ትስቅብኛለች።